ማርሚታው የበላው ገብስ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስንሄድ የተሳፈርንበትን የጭነት መኪና ከሥሩ ድንጋይ መታውና ዳገቱ እምቢ አለው። ሾፌሩ የማርሚታውን ቱቦ ፈትቶ ቢያወጣው ተጨፍልቋል፤ ጭሱ መውጫ አጥቷል። እኔ ልጄን ይዤ በእግር ለመሄድ ጓዜን ቋጠርኩ።

«ደረቅ አሸዋ ብናገኝ ሞልተን፣ አግለን እናቀናው ነበር» አለ አንድ ቀጥቃጭ ተሳፋሪ።

«በዚህ ጭቃ አገር?» አለ ሾፌሩ።

«እርጥቡማ እሳት ሲነካው ይፈነዳል።»

«ነገ ክርስትና የማነሣት ልጅ አለችኝ! እኔ ካልደረስኩ ማን ያነሣታል?» አሉ ጠና ያሉ ሴት ከረጢታቸውን እየፈቱ። «ይኸው ገብስ፤ ደረቅ ነው።»

«የድግሱ አይደለም እንዴ፣ እማማ?» አለ ቀጥቃጩ።

«ያለ ክርስትና እናት ምን ድግስ አለ? ሙላው!»

ቀጥቃጩ ገብሱን ጠቀጠቀና የቱቦውን ሁለት አፍ በእንጨት ወተፈው። እሳት ላይ አግሎ ውታፉን በመዶሻ ሲመታው፣ የተጨፈለቀው ከውስጥ እየተገፋ ወጣ።

«እማማ፣ ቱቦውም ዳነ፣ ገብሱም ቆሎ ሆነ!» አለ ሾፌሩ።

«እንግዲህ አንተው ብላው! የማርሚታ ቆሎ ለቄስ አይቀርብም።»

መኪናው እያጓራ ዳገቱን ሲይዝ እማማ እልል አሉ።

እኔም የቋጠርኩትን ጓዝ ፈታሁ።