ድንኳኑ መቼ ይነሳል?

(ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዝናብ። በኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች የስልክ ግሩፕ አድሚን፣ በጡረተኛው መምህር ደጀኔ በር ላይ ጎረቤቱ አስናቀች በስብሳ ቆማለች።)

አስናቀች፦ የሰረዙትን መልእክት ይመልሱልኝ ነው የምልዎት፣ ጋሼ!

ደጀኔ፦ የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል? ሽመክትን ከግሩፑ ሳስወጣው የጻፈው ሁሉ አብሮት ጠፋ። ደግሞስ "ያስወጡልን" ስትይ የዋልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?

አስናቀች፦ እኔ ነኝ። አባቴ ጠፋብኝ!

ደጀኔ፦ ምን? እኚያ ባለፈው ወር ከወረኢሉ ያመጣሻቸው? መቼ?

አስናቀች፦ መቼ እንደሆነ ባውቅማ! ተኝቷል ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ ላይ ተተክዬ ስሳደብ ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ክፍሉን ብከፍት አልጋው ባዶ። ታክሲ ተራ፣ ቤተክርስቲያን፣ ጤና ጣቢያ፣ ያልሄድኩበት የለም። እንኳን ሰፈሩን፣ እኔንም አንዳንዴ ይረሳኛል እኮ።

ደጀኔ፦ የሽመክት መልእክት ታዲያ ምን አገናኘው?

አስናቀች፦ አምስት ሰዓት ላይ፣ ጭቅጭቁ መሃል "አንድ አባት ቤታቸው ጠፍቷቸዋል፣ የማን ናቸው?" ብሎ ከፎቶ ጋር ለጥፎ ነበር። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ደጀኔ፦ አንቺስ ምን አልሽ?

አስናቀች፦ ፎቶውን ሳልከፍት "ወሬ አታስቀይር፣ ድንኳኑን አንሳ!" አልኩት።

ደጀኔ፦ አዎ። አርባ ሰው አውራ ጣቱን አነሳልሽ።

አስናቀች፦ እኔ እኮ የጠየቅኩት አንዲት ነገር ናት። "ድንኳኑ መቼ ይነሳል?" በቃ! ለእናቱ ተዝካር ብሎ መኪና ማቆሚያዬ ላይ ስለተከለው። እንዴት እዚህ ደረሰ?

ደጀኔ፦ ደረጃ ላይ ብትጠይቂው ጥቁር ልብሱን ታዪና "እግዜር ያጥናህ" ብለሽ ታልፊ ነበር። ስልክ ላይ ፊት የለ። እሱ "ሀዘኔን ናቀች" አለ፣ አንቺ "ደፈረኝ" አልሽ፣ ሥራ ፈቱ ሁሉ ከያለበት እንጨት ጨመረበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር፤ ስልክ መኖሩን ሳያውቁ።

አስናቀች፦ አሁን አያስተምሩኝ! ሊመሽ ነው። ይደውሉለት!

ደጀኔ፦ ደውያለሁ። ካስወጣሁት በኋላ ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነበር፤ አሁን ስነሳ ይቅርታ ልለው ብሞክር ዘግቶታል።

አስናቀች፦ እንግዲያው ቤቱ ይሂዱልኝ።

ደጀኔ፦ ቤቱ ብሎክ ዘጠኝ፣ እዚሁ እኮ ነው። አንቺ ለምን አትሄጂም?

አስናቀች፦ በምን ፊቴ? "የሞተችው አንዲት፣ የምትረብሸው መቶ" ብዬዋለሁ። በእናቱ አርባ!

ደጀኔ፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ። እኔስ በምን ፊቴ? በተዝካሩ ቀን ሦስት መቶ ሰው እያየ ከግሩፑ ያባረርኩት እኔ አይደለሁ?

አስናቀች፦ ድንጋይ ተሸክሜ እገባለታለሁ። እርስዎ ብቻ ከፊቴ ይቅደሙልኝ። እግርዎ ላይ ልውደቅ?

ደጀኔ፦ ኧረ ተነሺ! ተነሺ፣ ሰው ያያል! ቆይ እስቲ... ይቺ ስልክ የመጣላትን ፎቶ ሁሉ ሳልጠይቃት ታስቀምጣለች። ልጄ "አጥፋው፣ ሞላብህ" እያለች ትነዘንዘኛለች። መነጽሬስ? ይኸው፣ የዛሬው። እይው፣ እሳቸው ናቸው?

አስናቀች፦ አባዬ! ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ! ሳህን ይዟል... አብልተውታል፣ ጋሼ። እኔ ቁርሱን አልሰጠሁትም ነበር።

ደጀኔ፦ አጠገባቸው ጎንበስ ያለው ሽመክት ነው። ውሃ እየቀዳላቸው ነው መሰለኝ። ቦታው ግን የት ነው? ሸራ ይታየኛል።

አስናቀች፦ ድንኳኑ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ነው! አባቴ እኮ የሀዘን ድንኳን አይቶ አያልፍም። ባገሩ የማያውቀው ሰው እንኳ ቢሆን ገብቶ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ፣ ትንሽ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። ሁሉን ሲረሳ ይቺን አልረሳም። ይሄን እንዴት አጣሁት? ይዩት፣ ከኋላው ልብስ የተሰጣበት በረንዳ የኔ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው ስጽፍ የዋልኩት።

ደጀኔ፦ እንግዲያው ከደጅሽም አልራቁ! ተመስገን! ቆይ ጃንጥላ ልያዝ፣ ነይ እንውረድ።

አስናቀች፦ የት?

ደጀኔ፦ ድንኳኑ ጋ ነዋ!

አስናቀች፦ ድንኳኑ የለም፣ ጋሼ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ እንግዳውን ዝናብ ላይ በትኖ ነቀለው። እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ።