አራቱ ሕመምተኞች

ጡረታ የወጡት መምህር ጋዜጣ ሊገዙ ሲወጡ፣ የእኅታቸውን ልጅ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደረጃ ላይ ኩርምት ብላ አገኟት። በነርስነት ልትመረቅ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነበር። ፊቷን ሲያዩ አንጀታቸውን በላችው።

«ምነው የኔ ልጅ? ማን ነካሽ?»

«ጽሑፌ ተመለሰ ጋሼ። እስከ ሰኞ ካላስተካከልኩት ዘንድሮ አልመረቅም።»

«የትኛው? ያ እኔ ያሳመርኩት?»

አላመኑም። እንዴት ይመኑ! መድኃኒት ስለሚያቋርጡ ሰዎች የጻፈችውን ደረቅ ነገር ሳምንት ሙሉ ተቀምጠው ያስዋቡት እሳቸው ናቸው።

«አስተማሪዬ ‹እነዚህ አራት ሰዎች እነማን ናቸው?› ብለው ጽፈውበታል። እኔ ስለ አንድ ሰው ነው የጻፍኩት፤ በየቦታው ‹ታካሚ› ብዬው ነበር። እርስዎ አንዱን ብቻ ‹ታካሚ› ትተው፣ አንዱን ‹ሕሙም›፣ አንዱን ‹ድውይ›፣ አንዱን ‹የደዌ ሰለባ› አደረጉት።»

«ታዲያስ! አንድ ቃል መደጋገም ድህነት ነው። የተማረ ሰው ጽሑፍ እንደ ተርታ ወሬ ይሁን?»

አንባቢ አይፍረድባቸው፤ በእሳቸው ዘመን የሚጨበጨብለት ከበድ ያለ ቃል የሚያመጣ ተማሪ ነበር።

«ይፍቀዱልኝና ይችን አንቀጽ ያንብቡልኝ። መድኃኒቱን ያቋረጠው የትኛው ነው?»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ድውዩ… ቆይ፣ የጀመረው ሕሙሙ ነው… ሰለባው ደግሞ…» እንደገና ከላይ ጀመሩ። የገዛ እጃቸው ሥራ ግራ አጋባቸው።

«ጋሼ፣ የዓይን መድኃኒትዎ ላይ ‹ጠብታውን ጠዋት፣ ፈሳሹን ማታ› የሚል ቢጻፍስ?»

«ሁለተኛውን ብልቃጥ ፍለጋ ቤቱን አተራምሰዋለኋ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ። «አሃ! አስተማሪሽ የሌለ ሰው ሲፈልጉ ነው የዋሉት በይኛ።» ከፋቸው። «እንግዲያ ይህን ሁሉ ቃል ማወቄ ምን ሊበጅ ነው?»

«ለመምረጥ ነዋ! እኔ በሌላው ገጽ ላይ አንዱን ታካሚ ‹አቋረጠ›፣ ሌላውን ታካሚ ‹ረሳ› ብዬ ነበር። ላቋረጠው ምክር ነው የሚያስፈልገው፣ ለረሳው አስታዋሽ። እርስዎ ሁለቱንም ‹ተወ› አሏቸው።»

መምህሩ አሁን ገና ገባቸው። ለአንዱ ሰው አራት ስም ሰጥተው፣ የተለያዩትን ሁለት ሰዎች አንድ አድርገዋቸዋል። ጋዜጣውን ረስተው እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጡና ብዕራቸውን አወጡ። «ድውይ»ን ሲሰርዙ «ወይኔ ቃሌን!» አሉ፤ ቢሆንም ሰረዙት።

ሰኞ ጽሑፉ አለፈ። አስተማሪዋ አንብበው ሲጨርሱ፣ «አሁን ጤና ጣቢያው ማንን እንደሚመክር፣ ማንን እንደሚያስታውስ ያውቃል» አሏት። ግልጽ ጽሑፍ የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ አንባቢው እንቆቅልሽ ከመፍታት ድካም ተርፎ ወደ ሥራው ይገባል።

ልጅቱ የታሰረውን ጥራዝ ለአጎቷ ይዛላቸው መጣች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «አጎቴ ቃላቱን አብረውኝ መረጡ። አመሰግናቸዋለሁ።» ይላል። ልማድ ነውና ብዕራቸውን አወጡ። ቢያዩት፣ ቢያዩት የሚጨምሩበት አጡ። እንባቸው ብቻ መጣ።