የሳጉሬዋ ጀልባ ባለቤቶች

ሳጉሬ ላይ ጀልባ አየሁ ስላችሁ እንዳትስቁ። በሸራ የምትሄድ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። እዚያ ደጋ ላይ፣ ገብስ ማሳ ዳር አስቀምጠው ቦሌ የሚሉትን ጨዋማ አፈር በውሃ እየበጠበጡ ከብት ያጠጡባታል። አድሼ ላንጋኖ ላይ ላንሳፍፋት ቋመጥኩና ታሪኳን ማጠያየቅ ጀመርኩ። አሰላ ያገኘሁት ጡረተኛ የጭነት መኪና ሹፌር ሳቀብኝ። «ላንጋኖ የነበሩ አንድ ፈረንጅ አገራቸው ሲገቡ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ቦሌ ሞላሁባትና ሳጉሬ ወስጄ ለኦቦ ቱፋ ከነአፈሩ ተውኩላቸው» አለኝ።

ሳጉሬ ተመልሼ ኦቦ ቱፋን «ጀልባዋን ይሽጡልኝ» አልኳቸው። «የእኔ ብትሆን ዛሬውኑ ውሰድ እልህ ነበር ልጄ። ባለቤቶቹ አመሻሽ ላይ ይመጣሉ፤ እነሱን ጠይቅ» አሉኝ። የመንደሩ ሽማግሌዎች መስለውኝ ጃኬቴን አራግፌ፣ የምናገረውን እያሰላሰልኩ ጠበቅኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመንደሩ ላሞች ግር ብለው መጥተው ጀልባዋን ከበቧት። ኦቦ ቱፋ ፊት የቆመችውን ቀይ ላም በከዘራቸው እያሳዩኝ፣ «በል አናግራት። ቀና ብላ ካየችህ ተስማምታለች ማለት ነው» አሉ።

ብጠብቅ ብጠብቅ ቀና አላለችም።