ከመሪው ሥር የተሰካችው ዕቃ

እስራኤል አገር፣ ከኔታንያ ገበያ ወደ ቃዲማ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ያጫውታሉ፤ እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

«የልጄ መኪና ውስጥ፣ ከመሪው ሥር፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ ሰክቻለሁ። የቆመበትን ቦታ በስልኬ ታሳየኛለች።»

«እሱ ያውቃል?»

«ኢንሹራንሱ ነው ያዘዘው አልኩት።»

«ጉድ! ታዲያ ምን አገኙ፣ አባባ?»

«ከሥራ ሲወጣ አንዲት ልጅ ቤት በር ላይ ይቆማል። የማን ልጅ እንደሆነች አጠያይቄ ዘሯን ብቆጥር አምስተኛው ቤት ላይ ዘመዳችን ሆነች።»

«ሰባት ቤት ሳይሞላማ ጋብቻ የለም! ይንገሩታ።»

«ልጅቱን ገና አላሳየኝም። እንዴት አወቅህ ቢለኝስ?»

«ዝም ካሉ እኮ ያገባታል!»

«ከነገርኩት ደግሞ ዕቃዋን ነቅሎ ይጥላታል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚውል በምን አውቃለሁ?»

ከታክሲው እስክወርድ የራሴን ሰባት ቤት በልቤ ስቆጥር አራተኛው ላይ ጠፋብኝ።