ፍሪጅ የሚዳብሱት እንግዳ

ጋሽ ጉዲና፣ ዛሬ እርስዎን ልናመሰግን በተሰበሰብንበት ቀን እንኳን ማብሪያ ማጥፊያውን ትተው አርፈው ይቀመጡ!

እዚህ ትምህርት ቤት የመጡ ቀን የሆነውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። አዲሱ የፊዚክስ መምህር በኮሪደሩ ሲያልፉ የመጸዳጃ ቤቱ መብራት በርቶ አዩ። ቀጭ! አጠፉት። ከውስጥ «ኧረ ሰው አለ!» የሚል ጩኸት መጣ። ዳይሬክተራችን አቶ ቶማስ ነበሩ። ጋሽ ጉዲና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይቅርታ፤ ግን ቶሎ ይጨርሱ።»

ሸሚዛቸውንማ ታውቁታላችሁ። ካውያ በጋለ ቁጥር መብራት ይበላል ብለው የሳምንቱን በሙሉ እሁድ በአንዴ ይተኩሳሉ። ሰኞ ሙሽራ ናቸው፤ ዓርብ ግን አይጣል ነው! ሻይ ስናፈላ «ለሁለት ሰው ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ ምን ይሠራል?» ይሉናል። ቤታችሁ ሲመጡ ደግሞ ሳይቀመጡ ፍሪጅ ይዳብሳሉ። ስንቴ ስቀንባቸዋል።

አሁን የምር ላውራ። ሸጎሌ የተከራየሁበት ግቢ ሁላችንም የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። አምና ሂሳቡ ሲያሻቅብ አከራያችን እትዬ ብርቅነሽ «ሰምሀል፣ መብራቱን የምትጨርሺው አንቺ ነሽ፤ ቤቱን ልቀቂ» አሉኝ። እናቴ የአልጋ ቁራኛ ናት። በዚያ ክረምት ይዣት የት ልግባ? መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ጉዲና «እናትሽን ልጠይቅ» ብለው መጡ። እትዬ ብርቅነሽም ወደ ቤታቸው አስገቧቸው። እጃቸው መቼ ያርፋል፣ የፍሪጁን በር ዳበሱ። ለካ የበሩ ጎማ አልቆ ቅዝቃዜው ይወጣል፤ ሞተሩ ቀን ከሌት አያርፍም። ይባስ ብሎ ከምድጃው ጎን ተለጥፏል። «ጥፋቱ የእርስዎ ነው» አላሉም። «እኛም ቤት ይኼው ነገር አስቸግሮን ነበር» ብቻ አሉ። ጎማውን አስቀየሩ፤ ፍሪጁን ከምድጃውም ከግድግዳውም ፈቀቅ አደረጉት። እንጀራም እያንዳንዳችን በየቀናችን ምጣድ እንደ አዲስ ከምናግል፣ ቅዳሜ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ተራ በተራ እንድንጋግር አስማሙን።

በወሩ ሂሳቡ ወረደ። እትዬ ብርቅነሽ በሬ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ይቅር በይኝ። የትም አትሄጂም» አሉኝ።

ጋሽ ጉዲና፣ ውለታዎን በምን ልክፈል? አልችልም። በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አንሡ። እናቴ መምጣት ስላልቻለች «ቆመሽ በእኔ አፍ መርቂልኝ» ብላኛለች። ምርቃቷ ይኼ ነው፦ «ከቤት ከመውጣት ያዳነኝ ሰው፣ ደጁ አይዘጋ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጠው።»

አሜን በሉና እንጠጣ!