ሆደ ባሻዋ ሊቀመንበር

ባጋ ናጋን ዱፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሊሴ! ግቢ፣ ግቢ። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘሽ እንዴ? ጥላሽን እዚያ በሩ ጋ አቁሚው። ቀሚስሽ አልቋል፤ የቀረኝ ዚፑ ብቻ ነው፣ ቁጭ በይ አሁን እሰፋዋለሁ። ለአኖ ከተማው ሠርግ ነው አይደል? ያምርብሻል። እናንተ ግቢ ያለ ሰው ሁሉ ልብስ ያምርበታል።

ግቢያችሁን ሳነሳ... ያቺ የሴቶች ዕድራችን ሊቀመንበር ደህና ናት? ከአንቺ ጋ በግድግዳ ነው የምትለያዩት። ስሟን አልጠራም፣ ሰው ሐሜት ይለዋል። እኔ ደግሞ ላመሰግናት ነው። ጨለለቂ ሰፈርን በሙሉ ብትዞሪ እንደ እሷ ያለ ሆደ ባሻ ታገኛለሽ? ባለፈው ወር መጋረጃ ልለካላት ቤቷ ብሄድ፣ ያ የቱርክ ድራማ ተከፍቷል። አማትየዋ ልጅቷን በጥፊ ስታጮላት፣ የእኛዋ እንባ ዱብ ዱብ! ምሳ አልበላም አለች። ለተዋናይ፣ ይታይሽ! ድራማው አልቆ ዜና መጣ። ጋዛ ነው... አንድ አባት በነጭ ጨርቅ የተገነዘች ሕፃን አቅፎ ቆሟል። ሪሞቱን አነሳችና "ውይ፣ ይኼ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው" ብላ ቀየረችው። ምን ታድርግ? እንባም እኮ ያልቃል።

ዱረቲን ታውቂያት የለ? ከገጠር ተፈናቅላ የመጣችው፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው። ቤታቸው ሲቃጠል ልጇን አዝላ ሸሸች፤ ልጁ መንገድ ላይ ሞተባት አሉ። ዕድራችን ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስለዚያ ልጅ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ፣ ለጸሎት ልንነሳ ስንል እጇን አወጣች። እየፈራች እየተባች፣ "የዚያን የጋዛ አባት ምስል በስልክ አየሁት። እባካችሁ፣ ለእነዚያ ሰዎችም አብረን እንጸልይ" አለች። በቃ፣ ይኸው ነው ያለችው። ሊቀመንበራችን ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ዱረቲ፣ አንቺ የዋህ ነሽ። ያ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ነው፤ ለተጻፈ ነገር አይለቀስም። ደግሞም ሩቅ ነው፣ እኛን አይመለከትም።" እንዴት ያለ እውቀት ነው! እግዚአብሔር ለማን እንደሚያዝን፣ ለማን እንደማያዝን ለብቻዋ ነግሯታል... እኛ ደንቆሮዎቹ ሳንሰማ ቀረን። ከዚያማ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባን፤ የሚገዙት ወንበሮች ሰማያዊ ይሁኑ ወይስ አረንጓዴ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ!

ዱረቲ ግን አልተቀመጠችም። እዚያው እንደ ቆመች፣ "ሰውየውስ መገነዣ ጨርቅ አግኝቷል፤ እኔ የእኔን በሻሼ ነው የጠቀለልኩት። ያኔም ሩቅ ያለ ሰው 'እኛን አይመለከትም' ብሎን ይሆናል" አለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አቀርቅሬ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። አፍሬ ነው። እማማ ብፅዓት ናቸው በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ግድግዳ ይዘው የተነሡት። ሄደው አጠገቧ ቆሙና "ልጄ፣ አንቺ ጸልዪ፣ እኔ አሜን እላለሁ" አሏት። "ያ ዋቃዮ..." ብላ በኦሮምኛ ጀመረች። ያንን አባት አጽናው አለች። ቀጥላ የራሷን ልጅ ስም ጠራች። ኢቢሳ! ለካ ስሙ ኢቢሳ ነበር። ይህን ሰምቶ ማን ይቀመጣል? ሁላችንም ተነሣን። አንድ ሰው ብቻ... ያው የወንበሩን ናሙና እያገላበጠች ነበር። ሥራ ነዋ፣ ማን ይሥራላት?

ጸሎቱ ሲያበቃ እማማ ብፅዓት "ለዚህ ልጅ ማን ልቅሶ ተቀመጠለት?" ብለው ጠየቁ። ማንም! በማግሥቱ የዕድሩን ድንኳን ተሸክመን ዱረቲ ደጅ ተከልነው። ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ ለኢቢሳም አለቀስን፣ በስልክ ላየናቸውም ልጆች አለቀስን። በሦስተኛው ቀን ዱረቲ እጄን ይዛ "ልጄ ገና ዛሬ የተቀበረ መሰለኝ" አለችኝ። ሊቀመንበራችንማ አልመጣችም፤ ግን አልረሳችንም፣ ደብዳቤ ላከችልን። "ድንኳኑ ያለ ውሳኔ ወጥቷል" ይላል። የእጅ ጽሑፏ ደግሞ ማማሩ! ለቀስተኛው ሁሉ እየተቀባበለ አነበበው።

በይ አለቀልሽ፣ ለኪው እስቲ። ዙሪ... ልክክ ብሏል! ያልኩሽን ሁሉ ለእሷ እንዳትነግሪያት አደራ፣ መመስገን አትወድም። ሰላም ብላሻለች ብቻ በያት። እኔማ ሁሌም እጸልይላታለሁ፤ አንቺም አሜን በይ። ዕድሜና ጤና ይስጣት፣ ክፉውን ሁሉ ከደጇ ያርቅላት። ምናልባት አንድ ቀን የከፋት እንደሆነም... እሷ ለሰው የምታዝነውን ያህል የሚያዝንላት ሰው አያሳጣት።