ከካቴድራሉ ፍርስራሽ ስለጠፋው ባለ ጽሑፍ ድንጋይ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ በመዝገቡ ተይዟል
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ ከፈረሰው ግንብ በስተጀርባ፣ ሦስተኛው ቤት
ቃል የተሰጠበት፦ ማክሰኞ 11/7፣ ከቀኑ 8፡40

የድሮው ቤተ መንግሥትና የካቴድራሉ ፍርስራሽ ጥበቃ የሆነው ጎረቤቴ፣ በዘንድሮው የቅርስ ቆጠራ የታጣውን የካቴድራሉን በር ባለ ጽሑፍ ድንጋይ ሸጧል ተብሎ ከታሰረ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። አልሸጠም። ድንጋዩ እኔ ግቢ፣ ከቧንቧው ሥር ነበር። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ግንቡን ይጠግን የነበረው ግንበኛው ሟች ባለቤቴ ወድቆ አገኘሁት ብሎ በጋሪ አመጣልኝ። የተቀረጸው መስመር ጨርቅ ስለሚይዝ ለማሸት ይመች ነበር። በዚያ ላይ የሰው ልብስ እያጠብኩ ሦስት ልጆች አሳድጌበታለሁ። ያኔ ጽሑፍ መሆኑን አላውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት በጎልማሶች ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠርኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳሙናውን አረፋ ሳለቀልቅ ከሥሩ ያለውን አነበብኩት። ብዙው አልቋል፤ «ይህን ያነጸውን አስቡ» የሚለውና ቀጥሎ ያለው ስም ግን ይነበብ ነበር። ባሌን ሌባ ያሰኙብኛል ብዬ በአሸዋና በሽቦ ፈግፍጌ አጠፋሁት። ስሙ ማን እንደነበር መርማሪው ሲጠይቀኝ ማስታወስ አልቻልኩም።

ጥበቃው ሲያዝ ዝም ያልኩት በቂም ነው። ድሮ ደብዳቤ ሲመጣልኝ «ገልብጠሽ ይዘሽዋል፣ እመቤት» እያለ ሰፈሩን ያስቅብኝ ነበር። እስቲ እሱም ትንሽ ይቅመሳት አልኩ። ትናንት ሚስቱ ምግብ ልታደርስለት በበሬ ስታልፍ እንደ ወትሮዋ ሰላም አለችኝ። በሬን ዘግቼ ገባሁ።

ዛሬ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ላይ ራሴ ወደ ፖሊስ ጣቢያው መጣሁ። ድንጋዩ ከግቢዬ ተጭኖ መጥቶ ጥበቃው እንዲለየው ተደረገ። በመዳፉ ዳሰሰው፤ ልሙጥ ነው። ከጥጉ በተሸረፈው ለየው። ከዚያም ለመርማሪው፣

«እሷን ተዋት፣ ጌታዬ። ፊደል ከጭረት አትለይም፤ ምን አውቃ?» አለ።

ሊያድነኝ ብሎ ነው። መርማሪው እውነት መሆኑን ጠየቀኝ። አዎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«እለያለሁ። አንብቤ ነው የፈገፈግኩት» አልኩ።

ጥበቃው ቀና ብሎ አላየኝም።

ይህን ቃል ማንም ሳያነብልኝ ራሴ አንብቤዋለሁ። የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም፤ ሐሰት ቢገኝበት እጠየቅበታለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል